ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ

በጭብጨባ መረጡኝ፤ ገንዘብ ያዥ ነሽ አሉኝ፣
ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ የግራውን ሰጡኝ።
ሦስት ጥራዝ መዝገብ፣ በሲሚንቶ ከረጢት፣
ዳር ዳሩን አይጥ ቀምሶት፣ ወገቡን በሲባጎ ጠፍረውት።

አንደኛው ጥራዝ። ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ።
የጻፈው ጋሽ አራጋው፣ ጆሮው ላይ በሚሰካት እርሳስ፣ በሳንቃ ምልክት ማድረጊያ፤
ዐሥራ ዘጠኝ አናጢ፣ ሰባት ግንበኛ፣ አንድ ድንጋይ ጠራቢ፣
በነፍስ ወከፍ ስሙኒ፤ ይህ ነው የወሩ ገቢ።
ወጪ፦ የሣጥን ማጠፊያ፣ ብር ከሃምሳ ሳንቲም።
ቀሪ፦ አምስት ብር ከስሙኒ። ደመርኩት፤ አንዲትም አልጎደለችም።

ስድሳ ስድስት ላይ በገቢ ሥር ሰረዝ አለ፤
በዚያ ረሃብ ማን ጎጆ ቀለሰ፣ ማን መሠረት ጣለ?
ወጪው ግን ተጽፏል፦ አቡጀዲ፣ ለአራት ከፈን፤
ለመቃብሩ ድንጋይ ክፍያ የለም፣ ጉልበቱ ከራሳችን።

ሁለተኛው ጥራዝ ደረሰኝ ይበዛዋል፣ ማኅተም ይበዛዋል፤
ለእናት ሀገር ጥሪ፣ ለመሠረተ ትምህርት፣ ለሰልፍ ቀለም ተዋጥቷል።
እዚያው መሐል አንድ መስመር፦ «ለእንድሪስ ሙሄ፣ ብድር፣
ለልጁ መታከሚያ፣ ሰማንያ ብር።
የሚመለስበት ቀን፦» ቀኑ አልተሞላም።
ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። መርፌው ትዝ ይለኛል፤ ብድሩን ግን ማንም አልነገረኝም።

አባቴ ከሸዋበር እስከ ሮቢት የስንቱን ጣሪያ መታ፣
ራሱ በኪራይ ቤት፣ ከሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር፣ ሞተ በሐምሌ ማታ።

ሦስተኛው ጥራዝ ቁጥሩ ይረዝማል፣ ዜሮው ይንጋጋል፤
መቶ አርባ ሺህ ይዘን የአንድ ጎጆ ሲሚንቶ ይጎድለናል።
በዐሥራ አራት፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ ገጹ ባዶ ነው፤
ሣጥኑ ተሰብሮ ተገኘ።
መዝገቡን ሌባም አልፈለገው።

ሰብሳቢውን ጠራሁት፤ የቀኙን ቁልፍ ይዞ መጣ፣
ከእኔ ቦርሳ ሰማንያ ብር ወጣ።
«በዚህ ዛሬ» አለ ሳቅ ብሎ፣ «ግማሽ ኪሎ ሚስማር አይገኝም።»
«ግድ የለም» አልኩት፣ «ሚስማር አልገዛም።»
ለራሴ ደረሰኝ ቆረጥኩ። የቀኑን ቦታ ሞላሁ።

ከመክደኔ በፊት ስም ጠራሁ፣ ከመጀመሪያው ገጽ፣ ሃያ ሰባቱን፤
አቤት ያለ የለም። እርሳሴን አሹዬ ሞላሁት ሠንጠረዡን፦
በያንዳንዱ ስም አንጻር ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ፤
ደግሞ ከግርጌው፣ ከድምሩ ሥር፣ በብር፦
ቀሪ።