ሰንጢ ግዢ በሰኞ ገበያ

ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ የኖረ፣
ፊቴን የሚያሳየኝ ሰንጢ ነበረ።
አዲስ ሳለ ስለታም፣ ፀጉር የሚላጭ፣
ሲከፈት እንደ ወፍ ጥርት ብሎ የሚያፏጭ።
ግን አንዴ ዶለዶመ፤ ከዚያ ወዲያ በቃ፤
ድንጋዩ ደከመ፣ ብረቱ ሳይነቃ።
ሞረድ ብሰጠው ሞረዱን ላሰው፣
ስሚንቶ ጠርዝ ላይ ብፈትገው፣ ብስለው፣
ያው ነው።

ኮምቦልቻ፣ ደረቅ ወደብ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ፣ ሸራው ሥር ነፋስ ገብቶበት።
ይማም ከላይ ነው፣ እኔ ከታች ነኝ፤
ገመዱ ተወጥሮ ሲያንጎራጉር ሰማሁኝ።
ድንገት ጮኸ። አውራ ጣቱ ገመዱ ውስጥ ገባ።
«ቁረጠው! ቁረጠው!»
እገዘግዛለሁ፤ ሰንጢው ናይለኑን አሸው እንጂ አልገባ።

ዛሬ ይማም ባለ ዘጠኝ ጣት ነው። ሲቀልድ፣
«እስከ ዘጠኝ የራሴ ነው፤ ካንተ ልዋስ አንድ።»
እሱ ሲስቅ እኔ ጫማዬን አያለሁ።
ለዚህ ነው ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን የወጣሁ።

መንገዱ ጉም ለብሷል፤ ሾፌሩ በጡሩንባ እየጠረገ፣
ረዳቱ ለመልስ ብር ኪሱን እየፈለገ፣
ደሴ ገባን። ጦሳ አይታይም፣ ካፊያ ነው፤
ሰኞ ገበያን ግን ካፊያ አይበትነው።

አያ ሙሄ ጆንያ ላይ ሰንጢ ሲደረድሩ፣
«ለምን ሥራ?» አሉኝ፣ ዋጋ ሳይናገሩ።
ገመድ፣ ሲባጎ፣ ያረጀ ጎማ፣ የሸራ ጠርዝ፣
አንዳንዴም ሽቦ ስል፣ «ለሽቦስ» አሉኝ «ፒንሳ ያዝ!»

እጄ እንደ ልማዱ ወደሚያበራው ሄደ።
በከዘራቸው ጫፍ ነኩት፤ አፍሮ ወረደ።
«እሱ ኩሩ ብረት ነው። ስለቱ ይቆያል፣ አልዋሽህም፤
የሄደ ለታ ግን እኔም አንተም አንመልሰውም።
ሰውም አለ እኮ፣ እንዲህ ያለ ጠባይ፣
አንዴ ካኮረፈ ሽማግሌን እንቢ ባይ።»

አንስተው የሰጡኝ ግራጫ ነው፣ መልከ ጥፉ፣
ከባሌስትራ ስባሪ የተቀጠቀጠ፣ ሰፋ ያለ ጫፉ።
የቀንድ እጀታው መዳፍ ይሞላል፤ ማጠፊያው አንድ ወፍራም ሚስማር፣
አሸዋ ቢገባበት እፍ ብለህ የምታወጣው፣ ያላንዳች ችግር።
ሆን ብለው ስለቱን ድንጋይ ላይ ገጭ ገጭ አደረጉት፤
ደነገጥኩ፤ ዕቃቸውን ራሳቸው ገደሉት!
ከዚያ ምራቅ እንትፍ፤ ከኪሳቸው ጠፍጣፋ የወንዝ ጠጠር፤
ስምንት ጊዜ ወዲህ፣ ስምንት ጊዜ ወዲያ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደሚቆጥር
ሰው፣ ብር።
«አድምጥ» አሉኝ። መጀመሪያ ሻካራ ነበር፣ እንደ ሳል፤
እያደር ለሰለሰ። «ድምፁ ሲያልቅ፣ ተስሏል።»
የሲባጎ ጭራ ዘረጉልኝ፤ ነካሁት፤ ወደቀ።
ሳልከራከር ስከፍል የጎን ነጋዴው ሳቀ።

«ይዝጋል» አሉኝ ስሄድ፣ «አትርሳ፣ ኑግ ዘይት ጠብ አድርግበት፤
ደግሞ በየሳምንቱ ሳለው፤ እስኪታመም አትጠብቅበት።»

ማታ ቦርከና ዳር ድንጋይ መረጥኩለት።
እናቴ ትዝ አለችኝ፣ መቼም ቃሉ አንድ ነው፣ ስለት፤
ለእግሬ ስብራት ጃንጥላ ተስላ፣
ዳንኩና ወሰደችው፣ በሐምሌ፣ ዝናብ እየመታት፣
ሳትዘረጋው፣ እንደ ሕፃን አዝላ።
እኔ ጉልበቴ ላይ ብረት ይዤ፣ ቃል ሳላሰማ፣
ስምንት ወዲህ፣ ስምንት ወዲያ፣
ድምፁ እስኪያልቅ፣ እስኪጨልም ከተማ።

በማግስቱ ለይማም ሰጠሁት። ከፈተው፤ ዝም አለ።
በቀረው አውራ ጣቱ ስለቱን ዳሰሰ፣ በጎን፣ አንገቱን እያዘነበለ።
ዋጋ ይጠይቀኛል ብዬ አፌ ላይ ያዘጋጀሁት ብር
እዚያው ቀረ፤
መልሶ አጠፈውና፣ «ይሄ» አለኝ፣
«ይሄ ስለት ይደርስ ነበር።»