የወደቀው ይቆጠራል?

«እናቴ፣ አስታውሰው፣ ይንገሩኝ በውሉ፤
ባለፉት ሰባት ቀን፣ ፍሬ ስንቴ በሉ?»

ቦሳ ቂጦ ጓሮ፣ ከአቮካዶው ሥር፣
ሸምሲያ ዝም አለች፣ በልቧ ስትቆጥር።

ምርጥ ምርጡ በጆንያ፣ ሂርማታ ወረደ፤
ለበቆሎ ዱቄት፣ ለደብተር ነጎደ።
ጎመኑን ነጋዴ፣ በጠዋት አጨደው፤
የተረፈው ግንዱ፣ ጥጃ የጋጠው ነው።
ብርቱካን የገዛች፣ አምና ነው ለአማቷ፤
ሆስፒታል ሲተኙ፣ ተበድራ ከእህቷ።

«ምንም» ልትል ስትል፣ ሒክማ ጮኸች ከደጅ፣
አረንጓዴ አፏን፣ እየጠረገች በእጅ፦

«የሌት ወፍ የነከሰው፣ የወደቀው ማታ፣
እሱስ ይቆጠራል፣ ወይስ የለው ቦታ?»

ሸምሲያ ልጇን ገላመጠች።
የመዝጋቢው ጣት
ታብሌቱ ሳይደርስ
አየር ላይ ቀረ።