ሆድ ይፍጀው

ፖስተኛ ነበርሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
በብራባንት ሜዳ፣ በሉንደርዳይክ መንደር፣ ከቤት እስከ ቤት፣
የታሸገ ወረቀት ሳደርስ በብስክሌት።
ውስጡን አላነብም፤ መርዶም ሆነ ሠርግ፣
አንኳኩቼ፣ ሰጥቼ፣ መሄድ ነው የኔ ወግ።

ብርዱ ሊያበቃ ሲል፣ በደረቅ ነፋስ ቀን፣
ከአልደጎንዳ ደጅ አቆምሁ ብስክሌቴን።
ስምንት መቶ ፍየል፤ ጋጣው ቆርቆሮ ለባሽ፤
እሷ ጉዝጓዙን ስታወጣ፣ ጎንበስ ቀና፣ በእጇ መንሽ።
ደብዳቤዋን ሰጠኋት፤ ሳል ሳል አለኝ ካቧራው፤
«ደህና ናቸው?» አልኋት። አለች፦ «ደህና ናቸው»።

ደህና አልነበሩም።
በዚያ ሰሞን እናቶቹ ጽንስ እየጣሉ፣
ትንፋሽ ያላዩ ግልገሎች በርሜል ይሞላሉ።
ጎረቤት ቢጠይቅ፣ ወተት ገዢው ቢመጣ፣
ቃል ካፏ አልወጣ።
የባንክ ዕዳ አለባት፤ ልጇ ገና ተማሪ፤
ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠች፣ ሆነች ምስጢር ቀባሪ።

በሦስተኛው ሳምንት ላብ አጠመቀኝ፤
ከዓይኔ ጀርባ መዶሻ ቀጠቀጠኝ።
«ጉንፋን» አለች እህቴ፤ «ጉንፋን» አልሁ እኔም፤
ጉንፋን ግን ይሄዳል፤ ይህ አልሄደም።

ዓመት አልፎ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ፣
ዶክተር ፈርሁልስት በፖስታ ጀርባ ላይ ሥዕል ሣለልኝ።
ክብ አደረገ። «ይህ ዘበኛ ነው፤
ደምህ ውስጥ ይዞራል፤ ባዕድ ያየ እንደሆን የሚውጠው።»
በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፤ «ይህ ደግሞ ሆዱ፤
እቶን ነው፣ አሲድ ነው፤ ስንቱ ጀርም እዚህ ገብቶ ቀረ አመዱ።»
በመጨረሻ በእርሳሱ ጫፍ ነጥብ ጣለ መሐል፤
«ይህ ግን» አለኝ፣ «እሳቱን ይወዳል።»

ዘበኛው ያዘው፤ ዋጠው፤ ሆድ ይፍጀው አለ።
ሆድ አልፈጀውም።
ነፋስ ላይ ደርቆ፣ ተጨብጦ፣ ከሙት ሳይለይ የከረመ፣
አሲዱ ሲነካው ነቃ፤ ተንጠራራ፤ ቆመ።
ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል፤
ይህ እስኪዋጥ ይሞታል።
ሌላው ጀርም እቶኑን ቀዶ ያመልጣል፤
ሌላው እሳት እንዳይመጣበት በሩን ይዘጋል፤
ይህ እሳቱን ሞቆ፣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።
አይቸኩልም፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ቀኑን ያጋምሳል።
ዘበኛው ታክቶት ሊሞት ቢል፣ ራሱን ሊያጠፋ፣
«ቆይ» ይለዋል ከውስጥ፤ «ገና ቤቴ ሳይሰፋ?»
እንግዳው ባለቤቱን እያስታመመ ያኖረዋል፣
ጓዳው ሞልቶ እስኪፈነዳ።

ዘበኛውም ፖስተኛ ነው፤ አሰብሁ፣ አልጋዬ ላይ፤
የታሸገውን ይዞ፣ ውስጡን ሳያይ፣
ከሳንባ ወደ ጉበት፣ ከጉበት ወደ ልብ በር፣
በደም መንገድ ሲዞር፣ ሲያደርስ፣ ሲዞር።

ከዚያ ወሬው ወጣ።
ስምንት መቶው ፍየል በመኪና ተጭኖ ሄደ፤
ጋጣው በሰንሰለት ታሰረ፤ መንደሩ ስሟን አዋረደ።
እኔም «ታውቅ ነበር» አልሁ፤ አልሁና ዋጥሁት፤
ሌሊት ሌሊት እያገላበጥሁ አሞቅሁት።
ቂምም ያውቅበታል እሳት ላይ መኖር፤
ስተኛ አንድ ነበር፣ ስነቃ ብዙ ነበር።

ዶክተሩ ሁለት ክኒን አዘዘ፣ ለዓመት ከመንፈቅ።
አንዱ የሚገድል ነው፤ ይገባኛል። ሁለተኛው ለምን ብዬ ስጠይቅ፣
«ማብረጃ ነው» አለኝ፤ «ለዘበኛህ ሆድ፤
ምድጃው ካልበረደ መድኃኒቱ አይገድለውም በግድ።»
ሳቅሁ። እያሳለኝ ሳቅሁ።

ትናንት ክኒኔን ውጬ፣ በእግሬ፣ ቀስ እያልሁ ሄድሁ፤
ሰንሰለቱ ዝጓል፤ በኩሽናዋ መስኮት አንኳኳሁ።
የማደርሰው አልነበረኝም፤ ባዶ እጄን ነበርሁ።
ከፈተች። ከስታለች። ሹራቧ የተገለበጠ።
«ደህና ነበሩ?» አልኋት።
በሩን ይዛ ቆየች፤ ውሃ ይፍለቀለቃል ከኋላዋ፣ ከቤት፤
ዞራ ምድጃውን አጠፋች።
«አርባ ሁለት» አለች። «በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ፣ አርባ ሁለት።»