የአንባቢው ድርሻ

ካኑር፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከጨው መጋዘን ጎን፣
ሠላሳ ሰው ሆነን መሬት ተቀምጠን፣
ቢዲ እንጠቀልላለን፣ የድሃ ሲጃራ፤
አንድ ሰው ብቻ ነበር እጁ የማይሠራ፣
ካናራን፣ በርጩማ ላይ፣ ጋዜጣ አንባቢ፤
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ቅጠል አርጣቢ።

ደመወዝ የለውም። ሁላችን ጠቅልለን፣
"ይኸ ያንባቢው ነው"፣ ዐሥር ዐሥር ለይተን፣
የሱን ቀን በጣታችን እንሠራለት ነበር፣
እሱ በዓይኑ ለኛ ዓለምን ሲቆፍር።

ከዚያ አፍ ነው የሰማሁት
ሃኖይ አደባባይ ቀይ ጨርቅ መሰቀሉን፣
የትም የማናውቀው ጭሰኛ ማሳ መካፈሉን፣
በቻይና ተራራ፣ በበረዶ መንገድ፣
በገለባ ጫማ ሠራዊት ሲነጉድ።
ካርታ አይተን አናውቅም። ቻይና ለኛ
ከወንዙ ማዶ ያለች መንደር ነበረች፤
ትንሽ ጮክ ብንል የምትሰማን።

ቃሉ የበቀለው ግን ከዚያ አልነበረም፤
ከጌታው መስፈሪያ ነው፣ ከማይሞላው ቁም፤
አጎቴ ራይሩ ሩዙን ሰፍሮ ሰፍሮ፣
ባዶ ጆንያ ይዞ ሲመለስ አቀርቅሮ።

እናቴ ቺሩታ፣ ክር በጥርሷ ነክሳ፣
ጠየቀች አንድ ቀን ድምጿን ሳታነሣ፦
"ጌቶቹ ሲወርዱ፣ መሬት ሲከፈል፣
የድስቱስ እጥበት ለማን ይደለደል?"
ሳቅን። ካናራንም ሳቀ፣ ገጽ ገለበጠ፤
ጥያቄዋ በሳቅ መካከል ሰመጠ።

ነፃነት በገባ በዓመቱ ፖሊስ ሌሊት መጣ፣
ጋዜጣውን ቀዶ ካናራንን ይዞ ወጣ።
ሁለት ዓመት ሙሉ በርጩማው ባዶ ነው።
ዐሥሩን ግን አልተውንም፤ ጠቅልለን ሸጥነው፤
ለሚስቱ ሩዝ ሆነ፣ ለልጁ መድኃኒት።
እኔ በመጽሐፍ አላመንኩም፣ በሰልፍም፤
በዐሥር ቢዲ ነው።

ምርጫ ሲመጣ ደግሞ፣ ያለ አንድ ተኩስ፣
ድምፃችን በሣጥን ከወንበር ሲደርስ፣
ማጭድና የሩዝ ዘለላ የተሳለበት
ሣጥኑን ዳስሳ እናቴ ዓይኗን ነካችበት።

አንድ ነገር ብቻ። ሳል ነበረበት።
ሲያነብ፣ መስመር መሀል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ከታች ይቀጥላል ቦታውን ፈልጎ።
"የትምባሆው ብናኝ ነው" እንላለን እኛ፣
ዝንጅብል በማር ይዘን፣ ለሳሉ ማስተኛ።

ኋላ ፊደል ቆጠርኩ፣ ማታ ማታ፣ በፋኖስ።
ደረቅ ዓሣ የተጠቀለለበት፣
ቅባት የጠጣ ቁራጭ ጋዜጣ ላይ፣
ካናራን ካነበበልን ካንዱ ላይ፣
አየሁ። በዚያች ጎተራዋ ሞልቷል በተባለች አገር
ሰው ቅጠል ይበላል።
እኛ ቅጠል ስንጠቀልል።
ቀኑን አስታወስኩት። ያን ቀን
ብዙ ነበር የሳለው።

ጠየቅሁት፣ ከባሕሩ ዳር። ማዕበል ሲቆጥር ቆየ።
"ሠላሳ ሰው" አለኝ፣ "ከጉሮሮው ነጥሎ
ዐሥር ዐሥር የሰጠኝ፣ ተስፋ ልግዛ ብሎ፣
ባዶ እጁን ልሸኘው?"
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝ።

ኋላ ፓርቲው ለሁለት፣ ቤታችን ለሁለት፣
ሰሌን ተሰቀለ በመካከል፣ እንደ መጋረጃ፤
ወዲህ አንድ አንባቢ፣ ወዲያ አንድ አንባቢ፣
ወንድሜ ከወዲያ ሆነ፣ ሰላምታም ቀረ።
በሰሌኑ ቀዳዳ የማዶው ሲያነብ ይሰማል፤
እሱም፣ እየቆየ፣ ይስላል።

ካናራን ካረፈ በርጩማው የኔ ነው።
ዐሥሩን ይቆጥሩልኛል። ወጣቶቹ ጣታቸው
ይሮጣል፣ ጆሯቸው እኔ ጋ ተክሏል።
ዛሬ ጠዋት ከካምቦዲያ ዜና አለ፦
ጓዶች ከተማውን ያዙ። እልል አሉ።
ቀጣዩ መስመር፣ ሰው ሁሉ፣ በሽተኛው ሳይቀር
ከነአልጋው እየተገፋ፣ በአንድ ቀን፣ ከከተማው...

ጉሮሮዬን በላኝ።
እናቴ፣ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች፣
ቀና ብላ አየችኝ።