ዋጋ ሰቃዩ

ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ከአውራ መንገድ ዳር፣
ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት የማድር፣
ሲጋራ፣ ሎተሪ፣ የበረዶ መጥረጊያ
የምሸጥ ሰው ነኝ ከመስታወት ወዲያ።
ሌላም ሥራ አለኝ፤
ከማላውቀው ቢሮ መልእክት ሲመጣ፣
መሰላሌን ይዤ ብርድ ውስጥ ልወጣ፣
የዋጋውን ቁጥር ከፍ አርጌ ልሰቅል።
ሰቃይ ብለው ቢጠሩኝ፣ ፊደሉን የሳተ
ሥቃይ ብሎ ያነበዋል፤ እሱም አልተሳሳተ።

ቁጥሮቹ ፕላስቲክ፣ በካርቶን የታጨቁ፣
ጫፋቸው የተሸረፈ፣ በፀሐይ ያለቁ።
የአራት ቁጥር ያለን ሁለት ነው፣ ለፊትና ለኋላ፤
ሦስት ለምዶብን ማን ይጠርጥር ሌላ?
ዘጠኝ ስትጠፋብኝ ስድስት እገለብጣለሁ፤
ዋጋ በመገልበጥ ደመወዝ እበላለሁ።
ታች ጥግ ያለችው ግን፣ ያቺ ትንሽ ክፋይ፣
የሳንቲም ዘጠኝ አሥረኛ፣ ለዓይን የማትታይ፣
እሷ በቀለም ነው የተጻፈች፤
ወጣም ወረደም ከቦታዋ ንቅንቅ ያላለች።

"ማነው የሰቀለው?" ይላሉ ሲመጡ፣
በሩን በትከሻ ገፍተው፣ ብርድ አስገብተው፣ ሲቆጡ።
መልሱስ ቀላል ነበር፤ እኔ ነኝ የሰቀልኩት፣
በዚሁ በጓንቴ፣ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ማታ ያጠበቅኩት።
የከባድ መኪናው ዴል "መንግሥት ነው" ይለኛል፤
ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ይቀብራል።
ነርሷ ማርሊስ ደግሞ፣ በሰማያዊ ልብስ፣
"ባሕር ማዶ ጦርነት አለ፤ መርከብ አይደርስ።"
አንዱ "ማጣሪያው ለጥገና ተዘግቶ ነው" ሲል፣
ሌላው "ኩባንያው ነው፤ ያተርፋል፣ ይስቃል።"
ምግብ አድራሹ ዘርጋው፣ ያገሬ ልጅ፣ ጠጋ ብሎ፣
"ሰበብ መች ያጣሉ? ሲወጣ በሊፍት ነው፤
ሲወርድ በደረጃ፣ ምርኩዝ ተደግፎ፣ እያረፈ ውሎ።"

ገበሬው አርቪን ዝምተኛ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣
"በቆሎዬን ሸጥኩላቸው፤ አልኮል አደረጉት፣
ከቤንዚን ቀላቀሉት።
ያው የራሴ እሸት ነው መኪናዬ የሚጠጣው፤
ስሸጥ ርካሽ ነበር፤ ስገዛው ምን ነካው?"
መልስ አልነበረኝም። ማስቲካ ሸጥኩለት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ፤
እኔ ነኝ ዳውላው፣ ከነገመዴ፣ ከነስፍሩ።
አህያውስ የት ነው? ማንም አላየውም፤
ኮቴው ይሰማል እንጂ ጆሮው አይታይም።

የካቲት፣ አንድ ሌሊት፣ ነፋሱ አበደ፤
"ቀጭ" አለ ከላይ፤ አራት ቁጥር ሄደ፣
በጨለማ በረረ፣ በረዶ ውስጥ ወረደ።
ሰማይ ላይ የቀረው አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም፣
ከነዚያች ከክፋይዋ፤ እሷ አትነቃነቅም።

አንድ መኪና ገባ። ሁለት። ከዚያ ሰባት።
መብራታቸው ተሰለፈ እስከ ባቡሩ ሐዲድ፣ በዚያ ውድቅት።
ወጣሁ። እጄን አወዛወዝኩ። "ስህተት ነው" አልኩ፣ "ወደቀ።"
ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ዴል ከት ብሎ ሳቀ።
"ለሦስት ደቂቃም ቢሆን ሲወርድ አየሁ" አለና፣
ሞተሩን አጠፋና፣
መሰላሉን ያዘልኝ።
ማርሊስ በስልኳ መብራት አጥሩ ሥር ቆፍራ፣
አራትን ይዛ መጣች፣ እንደ ሞተች ቁራ።
"ይኸው፤ የናንተ ነው" አለች።
የማን? አገላበጥኩት። የኔስ ነው ወይ?

ወጣሁ። ሰቀልኩት።
እነሱ ከታች ሆነው፣ እንዳልወድቅባቸው፣
መሰላል ደገፉ፣ ሊሰቀል ዋጋቸው።

ንጋት ላይ፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ፣ ኮሮላዬን አስነሣሁ፤
የነዳጁ መብራት በራ፤ ወደ ሁለተኛው ፓምፕ ነዳሁ።
አሥር ዶላር ቀዳሁ፤ ሁለት ጋሎን ከምናምን።
ቀና አልኩ ወደ ቁጥሩ፤ ላማርር... ማንን?
"ማነው የሰቀለው?" ከአፌ ሊወጣ ሲል
ጓንቴን አየሁት፤
ገና አልደረቀም ነበር።