ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሰባት

ዊኒፔግ፣ ከሳርጀንት ጎዳና ማዕዘን፣
ዘርጋው የከፈታት ላውንደሪ አለች፤
ሦስቴ ማሽን፣ ሁለቴ ስም ቀይራ
ለልጅ ልጁ ደረሰች።

ከበሩ ኋላ አንድ ካፖርት ተሰቅሏል፤
«ጌታው ይመጣል» ብሎ ነበር ሽማግሌው።
ልጁ ምንውየለት ግድግዳ ሲያፈርስ፣
የእንፋሎቱን በርሜል አውጥቶ ሲጥል፣
ለካፖርቱ ግን አዲስ ምስማር መታ።

ዛሬ ሱፍ የሚያስተኩስ የለም፤
ትርሲት የምታጥበው የሆኪ ማልያ ነው፣
ኪራዩም ንሯል፤ «በቃኝ» ብላለች።

ጥር፣ ሌሊት፣ ቦይለሩ ቀጥ አለ።
ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት ካፖርቱን ደረበች፤
ከኪሱ ካርኒ ወጣ፣ በአያቷ እርሳስ፦
«ሒሳቡ ተከፍሏል።»

ሳቀች። ለጥገናው ሰው ደወለች፦
«ቶሎ ና እባክህ፤
የሰው ዕቃ ይዤ
እንዴት አድርጌ ልዝጋ?»