አልማዝ እና ሽንታ

ወንዙን ሽንታ ብሎ የሰየመው ያ ሰው፣
ገና ክኒን ሳይኖር ማን ወሬ አደረሰው?
ዛሬ የምንውጠው፣ ግማሹ ሳይነካ፣
በሽንት ወርዶ ኖሯል ወንዝ የገባው ለካ።

ከድልድዩ በታች ጠርሙስ ነክሬ ስቀዳ
ምንጣፍ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ፣
«ለጠበል ነው?» አለችኝ።
ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
እግሯን ነክራ በቆመችበት ውስጥ
ሲፕሮ ነበረ፣
አሞክሲሲሊን ነበረ፣
ትናንት የሰው ትኩሳት ያበረደው፣
ዛሬ ማንንም ሳያክም
ከድንጋይ ድንጋይ የሚንከራተተው።

ከሽንታ ጭቃ ሥር ተውሳክ ፊደል ቆጥሮ፣
ትንሽ በትንሹ መድኃኒቱን ተምሮ፣
ዳዊት ደግሞ ወጣ፤ ቅኔ ቤት ገባና፣
በጥር፣ ከዐሥራ አንድ አልጋ፣ የውባንቺን ጤና
ዘረፈ።

ሚስማር ነው የወጋት። ሚስማር ብቻ።
ሦስት ዓይነት መርፌ ሰጧት፤ ሦስቱንም ፈታው።
ውጤቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ «አይሠራም»፣ ሦስት ጊዜ።
በዚያው እስክሪብቶ የምሳ ሒሳብ ፈረምሁ።

እንግዲህ ማራኪ፣ ምድር ቤት፣ ሌሊት፣
ሁለት ዘንግ ከውሃው ነክሬ ፊት ለፊት፣
ጨው ቆንጥሬ ጨምሬ ኮረንቲ ለቀቅሁበት።
አንዱ ዘንግ አልማዝ ነው፤ ማለቴ ቅቡ፣
እንደ ሽንኩርት ገለፈት የሳሳ።
በጫፉ ላይ ውሃው ራሱ ይቆጣል፣
ራሱን ሰንጥቆ ስለት ያወጣል፣
የመድኃኒቱን ቀለበት ይከትፋል፣ ይከትፋል፣
ስም እስኪያጣ ድረስ።

ዘበኛው አያ ደርበው አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣
«ሌሊቱን ሙሉ ከማን ጋር ነህ?»
«ከአልማዝ ጋር።»
«ታገባታለህ?»
«መብራት ካልጠፋ።»

ጠፋ።

አረፋው ዝም አለ።
ከግማሽ ላይ የተቆረጠ መድኃኒት
ከሙሉው ይሻል እንደሁ፣ ይከፋ እንደሁ፣
በጨለማ የምመልሰው ጥያቄ አልነበረም።
አያ ደርበው ባትሪውን አበራልኝ፤
ብርጭቆዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ
«ጠርታለች» አለ።
«ድሮም የጠራች ናት» አልሁት፣
«ችግሯም እሱ ነው።»
ብዙ ሲያስብ ቆየ። ከዚያ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት፣
እንደ ታማሚ።

ሁለት ሊትር ናት በእጄ ያለችው።
ወዲያ ማዶ ሽንታ መብራት አይጠብቅም፤
የሆስፒታሉን፣ የከብቱን፣ የኔንም
አንድ ላይ ተሸክሞ ቁልቁል ወደ አዘዞ ይወርዳል።
ነገ ያቺ ሴት ምንጣፏን ይዛ ትመጣለች፤
ምን ብዬ ነው የምነግራት?
ውጪ አልላት፣ ሌላ ውሃ የት አላት?

ዐሥር ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ።
በዘንጎቹ ጥግ አረፋ እንደ ጤፍ ፍሬ
አንድ አንድ እያለ መውጣት ጀመረ።
አዲስ ጠርሙስ አንሥቼ ቁጥር ልጽፍ ስል
ዐሥራ አንድ ደርሻለሁ።
ዘለልሁት።
ዐሥራ ሁለት።